ቆጣሪው የሚያውቀው

ትርንጎ፣ ጠይቀሽ ዝም ያልኩሽ ኮርቼ አይምሰልሽ፤
ወሬው በዝቶ ነው፣ ከየት ጀምሬ ልንገርሽ።

ሥራ ያዝን፣ ሁለታችንም፣ በአንድ ጥቅምት፣
እኔ ከውኃ ቢሮ፣ እሱ ከሐይቁ ፊት።
ሰማያዊ ጃኬት፣ ደብተር፣ የብረት መንጠቆ ሰጡኝ፤
«ከሽምብጥ እስከ ግሽ ዓባይ ቆጣሪ አንብቢ» አሉኝ።
እሱ ገመድ ወርዋሪ ሆነ፣ የዘጌ ጀልባ ላይ፤
ትኬት ቆራጭ፣ ወንበር ጠራጊ፣ የፈራ ሰው አባባይ።

አንለይ ነው ስሙ፣ እናቱ ያወጡለት፤
ሥራ ግን ስም አይሰማም፣ ለየን በየዕለት።
በንጋት ይወጣል፣ ከወፎቹ ቀድሞ፤
እምቦጭ ከሞተሩ ሲፈታ አምሽቶ፣ ይገባል ደካክሞ።
እኔ ያን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነኝ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ።
በድስቱ ክዳን ሥር ወረቀት እንተዋወላለን፦
«ጨው አንሶታል።»
«የቤት ኪራይ ከፍያለሁ።»
«ናፍቀሽኛል፣ ሳሙና አልቋል።»

ቆጣሪ ምን ያወራል እንዳትዪኝ፤ ያወራል።
ክዳኑን አንሥቼ፣ ሸረሪቱን ጠርጌ፣
መስታወቱን በአውራ ጣቴ ስወለውለው፣
የት ቤት ሕፃን እንደተወለደ፣ የት እንግዳ እንደሰነበተ፣
ማን ተኳርፎ ሻንጣውን ይዞ እንደሄደ፣ ቁጥሩ ይነግረኛል።
ሹም አቦ አጠገብ አንድ ቤት አለ፣
ሦስት ወር ሙሉ አንድም ያልቆጠረ፤
በሩ ላይ ያለው ጽጌረዳ ግን አልደረቀም።
ማን ያጠጣዋል? ደብተሬ ላይ ለጥያቄ ቦታ የለም።

ሽርሽሩን ጠይቀሽኝ ነበር።
በወር ሁለት እሑድ ይፈቅዱለታል።
የመጀመሪያዋን እሑድ «እንውጣ!» ብለን ተማማልን፤
«የት?» ሲባል ግን ተያየን።
እኔ መራመድ ጠልቻለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል፤
እሱ ሐይቅ አታሳዩኝ ይላል፣ ተኝቶም ይወዛወዛል።
«ቤዛዊት?» ዳገት ነው። «ደብረ ማርያም?» ጀልባ ነው።
«ጢስ ዓባይ?» መንገዱም ሩቅ፣ ብሩም ሩቅ ነው።
ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ ባሕሩም ዳሩም የሰለቸው
እንደኛ ያለ ባልና ሚስት ወዴት ነው የሚሄደው?

በመጨረሻ ባጃጅ ይዘን አዲሱን ድልድይ ተሻገርን፤
ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግሞ ሄድን።
ሾፌሩ ዞሮ «የረሳችሁት ዕቃ አለ እንዴ?» ቢለን
አንለይ ሳቀ።
ሲስቅ የፊት ጥርሱ ጫፉ ተሸርፏል።
«ይሄ መቼ ነው?»
«የሞተሩ እጀታ ነው፣ በኅዳር» አለኝ።
አሁን ጥር ነው፣ ትርንጎ።
የሰው ቤት ቁጥር አንድም ሳልስት ሳነብ፣
የባሌን ጥርስ ሁለት ወር ሳላነብ።

ከዚያ ወዲያ ዝም ብለን ዳር ላይ ቁጭ አልን።
ቆሮሶ አዘዝን፣ በሎሚና በሚጥሚጣ፣
እሱ እሾሁን እየለየ ለኔ ያቀርባል።
አንዷን ጀልባ አይቶ «ወደ ግራ ታዘነብላለች» አለ።
እኔ የጓሮው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰምቼ
«ይሄ በወር ሁለት ሜትር ኪዩብ ነው» አልኩ።
ሥራችን አብሮን ሽርሽር ወጥቶ ነበር፣
ዓሣውንም አብሮን በላ።

ትናንት ደግሞ ተራው የኛ ሰፈር ሆነ፤
የራሴን ቤት ቆጣሪ ከፈትኩ።
ሁለት። ወሩን ሙሉ፣ ሁለት ብቻ።
አንድ ብቸኛ ባልቴት የሚኖሩበት ቤት ይመስላል።
በራሴ ደጅ ቆሜ «እዚህ ቤት ሰው አለ?» ልል ስል፣
ያቺ ትንሿ ቀይ መርፌ
ዞረች።
ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዎቹ ቀርተው ኖሯል፤
አንለይ ጓሮ ሆኖ ሌላኛውን ጃኬቴን ያጥባል።
አላንኳኳሁም። መርፌዋ እስክትቆም አየኋት፣
ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ወደ ጎረቤት አለፍኩ።

በይ እንግዲህ፣ ደመወዝ ሲወጣ እደውልልሻለሁ።
ነይ፣ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ፍራሽ አናጣም።
ብቻ፣ ስትመጪ፣
በእሑድ አትምጪ።