ቅኝት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጆሮዬ አደርኩ፤
የላላውን ክር ሳጠብቅ፣ የከረረውን ሳላላ ከረምኩ።
ከጸሎት ቤት ምድር ቤት፣ ከመበለቶች ሳሎን፣
በአንዲት ቁልፍ ፈታሁ የስንት ፒያኖ ኩርፊያን።
ሁለት ክሮች ለጥቂት ሳይስማሙ ሲቀሩ፣
መሃላቸው የሚርገበገበው፣ ያ የአየር ምሥጢሩ፣
ለእኔ ብቻ ይሰማል።

ዛሬ ግን በኒውፋውንድላንድ ሰማይ፣ በአራት ሺህ ጫማ፣
ዊኒፍሬድ ኪፒንግ፣ "አምብሮዝ፣ ጆሮህን አትስማ!"
አለችኝ። ሰባ ሊሞላት ነው፤ ድሮ፣ ለመርከብ ጠባቂዎች፣
ተንሳፋፊ በረዶ ስትሰልል በርራለች ስንት ክረምቶች።
አሁን ከረሜላ እየመጠጠች ታስተምራለች
እንደኔ ዘግይቶ የሚነሣውን።

ኮፈኑን ደፋችብኝ። እንደ ጋሪ ፈረስ ጋረደኝ፤
ከባሕሩ፣ ከጥዱ ጫካ፣ ከክንፌ ጫፍ ለየኝ።
የቀሩኝ ስድስት ክብ ፊቶች ናቸው፤ አንደኛው፣ መሃል ላይ፣
ግማሹ ቡናማ ምድር፣ ግማሹ ሰማያዊ ሰማይ፣
ከስኒ ማስቀመጫ የማይሰፋ አድማስ።
"ዓይንህ አንዱ ላይ አይተኛ፤ ይሂድ፣ ይቃኝ፣ ይመለስ።"

ይቃኝ!
ይህ ቃል የእኔ መስሎኝ ነበር፣ የእጄ ሙያ፤
እሷ ለዓይን ሰጠችው፣ ለመርፌዎች መጠበቂያ።
መሣሪያም ብባል የማውቀው ባለ ሰማንያ ስምንት ጥርሱን ነበር፤
ይኼኛው አይዘፍንም፣ ድምፅ የለውም ሲናገር።

በኅዳር አንድ ማለዳ ኮፈኑ አላስፈለገም፤
ጉሙ ራሱ ደፋብን፤ ጫፍ፣ ወለል፣ ጣሪያ የለውም።
ያን ጊዜ ጆሮዬ፣ ያ ሠላሳ ዓመት አሳዳሪዬ፣
"ወደ ግራ እየዞርክ ነው" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ጌታዬ፣
አቅና!"
የላላ ክር ሲጠቁመኝ በሚያወጣው በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እርግጠኝነት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ጭጋግ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከገዛ ጆሮዬ ጋር ስከራከር
ገባኝ። በጭኔ፣ በሆዴ፣ በአንገቴ ሥር መዞር አለ፤
ከመስታወቱ በታች ግን ያ ቀጭን መስመር ቀጥ እንዳለ።

ዊኒፍሬድ እጇን ዘረጋች። የማርማላታ ክዳን
መስመሩ ላይ በማስቲካ ለጠፈች። "ሞተ እንበል። አሁን በምን
ትኖራለህ?"

በቀሩት አምስት።
ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት፣ ጆሮዬን ስሙን ጠርቼ፤
ኮምፓሱን፣ ከፍታውን፣ የመዞሪያዋን መርፌ ቃኘሁ፣ ዓይኔን አመላልሼ።
በጥቂት በጥቂቱ፣ ከመጠን ሳላልፍ፣ አቀናሁ።
እጄ ያውቀዋል ይህን ልክ፤
በኃይል የጎተቱት ክር ይበጠሳል።

ወደ ጋንደር ወረድን፤ ሁለት መርፌዎች ተመሳቅለው፣
አንዱ መስመሬን፣ አንዱ ቁልቁለቴን ይዘው።
አምስት መቶ ጫማ። ነጭ። ሦስት መቶ። ነጭ።
ሁለት መቶ ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ መብራት ካጣህ አትነጫነጭ፤
ውጣ።

አላየሁም። ሙሉ ነዳጅ ሰጠሁ፣ አፍንጫዋን አነሣሁ፣
ያልነካሁትን ምድር ትቼ ወደ ነጩ ተመለስሁ።
ጆሮዬ "ወደ ኋላ እየተገለበጥክ ነው!" ብሎ ጮኸ።
ይጩኽ።
ዊኒፍሬድ ምንም አላለችም። አንድ ከረሜላ ልጣ
አፌ ውስጥ አደረገችልኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣ።

ሰኞ ዕለት፣ በአንድ ደሴት፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣
ጥርሱ ቢጫ የሆነ ፒያኖ ከፈትኩ።
ልጆቹ ምሳ ወጥተዋል፤ ወለሉ እርጥብ ጫማ ይሸታል።
የመቃኛ ሹካዬን ጉልበቴ ላይ መታሁ፤ ዘመረ።
ክሩን አጠበቅኩ፣ እያለሰለስኩ፣ እስኪስማማ።
"ደረሰ" አለኝ ጆሮዬ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ጋ አቆም ነበር።

ሹካዬን እንደገና መታሁ።