እጄ ተነሣ

መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ ከወደቡ እስከ ሃዳር፣
ቆጥሬ ነው የምወጣው፣ ሌሊቱን ላነጋ ከአንድ ሽማግሌ ዳር።

ስሙ ኦልድሪክ ሳክስ ነው፤ በሩ ላይ በሦስት ፊደል ተጽፏል፤
ዕብራይስጡን ፀሐይ በላው፣ የቼኩም ግማሹ ተልጧል፤
በምስማር የጫረው ግሪኩ ብቻ ዛሬም ድረስ ይነበባል።

ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። ዓይኑ መስኮትን ከግድግዳ ይለያል፣
ከዚያ አያልፍም።
የቀኗ ተረኛ «ፕሮፌሰሩ» ትለዋለች፤
ፋርማሲው «የወደቡ ሚዛን ጸሐፊ»፤ ሁለቱም አልዋሹም።
ፕራግ ሳለ የሞቱ ቋንቋዎች ያስተምር ነበር፤
እዚህ መጥቶ አሥራ ስምንት ዓመት የብርቱካን ሣጥን ሲቆጥር፣
በደረሰኝ ጀርባ ላይ የግሪክ ግስ ሲደረድር።
በመካከል ሌላ ሥራ ነበረው።
እሱን የሚያነሣ የለም።

በሦስተኛው ክረምት ነው የነገረኝ፣
ዝናብ ከቀርሜሎስ ወርዶ መዝጊያውን ሲደበድብ፣
መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣ እግሩን በሳፋ ሳጥብ።

«አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ፣ በቋንቋሽ ምን ትያለሽ?»
«ታጠብሁ።»
«ሌላ ሰው ቢያጥብሽስ?»
«ያም ታጠብሁ ነው።»
ሳቀ። ድዱ በሻማው አበራ።
«ግሪኮችም አላቸው! አድራጊ ያልሆነ፣ ተደራጊም ያልሆነ፣
በመሐል ቤት የቆመ ግስ። ሃያ ዓመት አስተማርሁት።
አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገብቼ ኖርሁበት።»

የምክር ቤት አባል ነበር።
ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ አዳራሹ ሞቋል፣ ወንበሩ ቀይ ነው፣
ከዩኒቨርሲቲ የሚባረሩት ስም በአንድ ሕግ ሥር ተጠርዟል፤
ቦርዢቮይ ማሬሽም አለበት፣
መዝገበ ቃላት አብሮት የሚጽፈው፣
ከአንድ ማሰሮ ሾርባ አብሮት የሚጠጣው።
«ድምፅ ስጡ» ተባለ።
«እጄ ተነሣ» አለኝ።
«ማን አነሣው?»
«ተነሣ ነው የምልሽ።»

በእኛ አገር እጅ የሚነሣው ለንጉሥ ነው፤
ይህን አልነገርሁትም። ፎጣውን አነሣሁ።

ማሬሽ የሆስፒታል ምድር ቤት ከሰል ሲያካፋ ሁለት ክረምት ቆየ፤
ሦስተኛውን አላየ።
መዝገበ ቃላቱ ላምዳ ላይ ቀረ።
«ላምዳ ምን ትመስላለች?» ብለው፣
በእርጥብ ጣቱ መዳፌ ላይ ጻፈ፤ ሁለት እግር፣ አንድ ራስ።
«ይቺንማ አውቃታለሁ፣ ለ ናት» አልሁት።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ታንኩ በድልድዩ ሲያልፍ፣
ያው አዳራሽ፣ ያው ጥያቄ፤ እጁ ከጉልበቱ አልተነሣም።
አስወጡት። በአንዲት ሻንጣ መጣ።
ሰው ይህን ሲሰማ «ጀግና» ይለዋል፤
እሱ ግን፣ «እሱም ያው ግስ ነው» ይላል፣ «አልተነሣም እኮ ነው ያልሁሽ።»

ከዚያ ዞሮ ጠየቀኝ፤ አንድ ጊዜ ያመለጠኝን አልረሳም።
«እኅትሽ፣ ሱዳን ድንበር፣ ወንዙ ላይ።
እጇ አመለጠኝ ብለሽኛል።
አመለጠ፣ ማን ከማን?»
ሳፋውን ይዤ ወጣሁ። ውኃውን ለመድፋት
አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።
ወደቡ ላይ የክሬኑ መብራት ሲበራ ሲጠፋ ቆሜ አየሁ።

በጥር፣ አንድ ሌሊት ጠራኝ።
ትራሱን አስደግፌ አስቀመጥሁት።
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ፈተና እንደሚፈተን ልጅ፣
በአማርኛ፣ ነ እና ሣ በአፉ እየተሰናከሉ፣
«አነሣሁ» አለ።
«እጄን አነሣሁ።»
አላረምሁትም። የሚታረም አልነበረውም።
ቀጥሎ ሻይ አለኝ፣ ስኳሩ ሁለት፤ ሐኪሙ ከልክሏል፣
ሁለት አደረግሁለት።

ጎህ ሲቀድ ወረድሁ።
ለ፣ እላለሁ፣ በየደረጃው።
ለ... ብዬ፣ እስከ ሰማንያኛው፣
ቀሪውን ቃል ምላሴ ሥር ይዤው።
ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።