ሦስት ነፍስ

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጓሮ፣
ውርጭ ያነጣው ቤት፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ፤
የወንድይፍራው ጌም ቤት፣ ሦስት ነፍስ በሃምሳ ሳንቲም፤
ጣት በብርድ ደንዝዞ ማንም ቤቱ አይሄድም።

ስምንተኛው ደረጃ፣ ከገደሉ አፋፍ፣
ልክ ስዘል ጠብቃ የምትመጣ ወፍ
ዓመት ሙሉ ጣለችኝ፣ ጆይስቲክ አሰበረችኝ፤
የሠራት ሰው የት ነው? ምን አድርጌው ላከብኝ?

«ጌም ድሮ ቀረ» ሲሉ አልስማማም ከቶ፤
ግማሹ ሌባ ነው፣ ለሳንቲም ተሠርቶ፤
ግማሹም ስንፍና፤ ሠሪው ሳይጨርሰው
ጉድለቱን «ፈተና» ብሎ ሸጠው ለሰው።

ወፏን ግን እንጃ።
አንድ ሐሙስ ማታ፣ በመጨረሻዋ ነፍሴ፣
ደከመኝና አልዘለልኩም። ቆምኩ።
በአናቴ ላይ አለፈች።
ይኸው ነበር? ዓመት ሙሉ?
ምንተስኖት ከጎኔ ጮኸ፤
ጩኸቱ ሳያልቅ መብራት ሄደ።

ያ ካሴት ደግሞ ምንም አያስታውስም፤
መብራት ሲመጣ ከአንድ ይጀምራል።
ወንድይፍራው ሻማ ለኮሰ፣
የዱቤ ደብተሩን ገለጠ፣
«አራት ብር ከሃምሳ» ከሚለው ዕዳዬ ሥር
ቀኑን አስቀድሞ ጻፈ፦
«ወፏን አልፏል።»
ዕዳውን ግን አልሰረዘም።