አይደል?

ሰማንያ ሁለት ደረጃ ነው፣ ሐይፋ፣ ከመንገዱ እስከ እሷ በር፤
ቁልፌ ሳይዞር ትሰማኛለች፣ ቆማ ከኮሪደሩ ዳር።
"ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ኖ?"
ማክሰኞ ነው። ታውቀዋለች።
የክኒኗን ሣጥን በጣቷ ዳብሳ ቀኑን ለይታለች።
ግን ቀን እንደ አንሶላ ነው፣ ለብቻ አይታጠፍም፤
ሌላ ሰው ጫፉን ካልያዘው፣ ከመሬት አይተርፍም።

ኦርኔላ ትባላለች፤ የሊቮርኖ ልጅ፣ የዘጠና ዓመት ሴት፤
ዕብራይስጧ ረጅም መንገድ፣ መጨረሻው ግን ያባት ቤት፤
ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ጣሊያንኛው ብቅ ይላል፣
እንደ ቀሚስ ጫፍ፣ ከካፖርት በታች ይታያል።
"ሾርባው ጨው አንሶታል፣ ኖ?"
"ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ፣ ቬሮ?"
"ጉልየልሞ ረጅም ነበር፣ ቬሮ?"

ጉልየልሞን አላውቀውም። ካፖርቱን ግን አውቃለሁ፤
በሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ አንድ ቀን ለክቼዋለሁ፤
እጅጌው ለእኔም አጠረኝ።
"ረጅም ነበር" አልኳት፤ ምላሴን ትንሽ ጎረበጠኝ።

ከጣሊያንኛ የማውቀው ያባቴን ጋራዥ ነበር፣
ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ፣ ከናፍጣ ማደያው በር፤
ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ፖምፓ፣
ሁሉም የሚፈታ፣ ሁሉም ዘይት የጠጣ።
ይቺ "ኖ" ግን የት እንደምትገጠም አጣሁ፤
ትርፍ ብሎን መስላኝ፣ ስንት ቀን ዝም ብዬ ወጣሁ።

ኋላ ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ፣ አፉላ ካለችው፣
"እናንተም ጋ ዘንቧል፣ አይደል?" ስል፣ የራሴን አፍ ያዝኩት፤
ለካ እኛም በ"አይደል" በር ቆመን ነው፣
"አዎ"ን ደጅ የምንጠናት።

በማግስቱ "ብርድ ነው፣ ኖ?" ስትለኝ፣ እንደ ሀገሬ ሰው
ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ። አዎ ማለቴ ነው።
እሷ ግን ደንግጣ ተነሳች፤ ማንኪያዋ ወደቀ፤
"ምን ሆንሽ? ምን አየሽ?" ከንፈሯ ደረቀ።
"ምንም፣ ሲኞራ። እኛ ጋ እሺታ እንዲህ ነው፤
አየር እንደ መዋጥ።"
"አዎ ለማለት መደንገጥ?" አለችና ሳቀች፣
እስኪያስላት፣ ወንበሩን እስክትይዝ።

ዛሬ በረንዳው ላይ ነን። የዓይኗ መሀል ጠፍቷል፤
ከዳር ከዳሩ ብቻ ጥቂት ብርሃን ቀርቷል።
ከታች፣ ከወደቡ፣ ጡሩምባ ተነፋ።
"ነጭ መርከብ ናት፣ ቬሮ?"

ልጇ ነግሮኛል፤ ቬሮ ማለት "እውነት" ነው።
ቃሉ እውነትን ይጠራል፤ የሚፈልገው ግን ሰው ነው።
ካፖርቱ ትዝ አለኝ። እጅጌው።
"ኖ፣ ሲኞራ። የጭነት ናት፤ እስከ ወገቧ ዝጋለች፤
ክሬኑ ሥር ተለጥፋ ሣጥን ታራግፋለች።"

ዝም። ሻሿን አጠበቀች።
የልብስ ማስጫው ገመድ በነፋስ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ፤
ጨከንኩባት ብዬ ፈራሁ።
"ግን ረጅም ናት" አልኩ፤ "ቬሮ?"

ኦርኔላ፣ ወደማታየው ባሕር ዞራ፣
ትንፋሿን ሳብ አደረገች፣
ወደ ውስጥ።