የፋሲካ ጽዳት

“ሽሪምፕ መብላት እንጂ ማየት ማን ከለከለ?”
ብሎ ልጄ ናዳቭ እኔን አታለለ፤
አሥራ ሁለት ቀያይ፣ ሚጥሚጣ ሚያህሉ፣
ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎኔ ውስጥ ዋሉ።

ቀድሞማ ሁለት ወር ባዶ ውሃ አቆየ።
“ውሃ ይበስላል ወይ፣ እንደ ጠላ ድፍድፍ?”
ስቄበት ነበረ፣ ቀን ቆጥሮ ሲጽፍ።
እውነትም በሰለ። እንቁላል ታቀፉ፤
ነጥብ ነጥብ ልጆች ከሣሩ ሥር አረፉ።

ፋሲካ ቀረበ፤ እርሾ ከቤት ወጣ፤
መስታወቱ ላይ እድፍ ሳይ አንጀቴ ተቆጣ።
ሸክላ ሰብሮ በዓል ሲቀበል ያደገ
አረንጓዴ ዝልግልግ መች ማየት ፈለገ?

ናዳቭ ከጦር ሰፈር ለበዓል ሳይደርስ፣
አሮጌውን ደፋሁ፤ ጠጠሩን ሳብስ፣
መስታወት ስፈትግ እኩለ ሌት አለፈ፤
ከቧንቧ ሞላሁት፤ ልቤም አረፈ።

ንጋት ላይ አንዱ በጎኑ።
በቀትር ሰባት።
ማታ ሁሉም፣ ከነልጆቻቸው።

ናዳቭ አልጮኸም።
ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ጎንበስ ብሎ፣
“ኢማ” አለኝ፣ “እድፍ ያልሽው
ቀለባቸው ነበር።”

ሐምሌ ገባ።
ውሃ ብቻ የቀረበት መስታወት ጥግ
አንድ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ብሏል።
ጨርቁን ከኋላዬ ደበቅሁ።