ግማሽ ሰከንድ

ሰኔ እኩሌታ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ህርማታ ነደደ የአባ ዲጋ ቤት፣
ባለሦስት እግር በርጩማ የሚጠርቡበት።
ቫርኒሹ ሲፈላ፣ ሲጋይ የጣውላው ክምር፣
ዘበኛው በባዶ እጁ ሲገፋ የጋለ በር፣
እኔ ጣቢያው አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር።

ሬድዮዬ ከራስጌ፣ ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ፣
አረንጓዴ ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን በርቶ፣
ባትሪው ሙሉ ሆኖ
ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ አልጮኸም ከቶ።

የቀሰቀሰን አንድ ባለባጃጅ ነው፣
የጣቢያውን በር በድንጋይ እየቀጠቀጠ፤
ስንደርስ ጣሪያው ወደ ውስጥ ሰምጦ ተቀመጠ።
ዘበኛው ዛሬም ሰው ሰላም ሲለው
የሚዘረጋው ክርኑን ነው።

ጠዋት ጣት ተቀሰረ፣ ወደ ዘቢባ፤
አለቃው እየጮኸ ጥሪ ክፍሏ ገባ።
«ተጭኛለሁ» አለች፤ «ሁለቴ ነው» አለች፤
መዝገቧን ገልጣ ሰዓቱን አሳየች።
«እንቅልፍ ጥሏት ነው» ተባለ።
እኔም ዝም አልኩ፤
እሷ ተኝታ ከሆነ የኔ መተኛት ይቀላል ብዬ፣
ይሄን ለማንም አልተናገርኩ።

ሙዘይን የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።
አንዱን ሬድዮ ካንዱ አጠገብ ደረደረ፣
ጥሪውን በስልኩ ቀዳ፣ ደግሞ ደጋግሞ መረመረ።
ጥሪያችን ሁለት ድምፅ ነው፦ ወፍራም፣ ቀጥሎ ቀጭን፤
ሁለቱን በሙሉ ካልሰማ ሬድዮው አይቀሰቅሰን።
ጂሬን ላይ ያለው ማማ ግን
ሲጠሩት ለመባነን ግማሽ ሰከንድ ይፈልጋል፤
ሬድዮውም ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ያሸልባል፤
በሁለቱ እንጉልቻ መሃል
የወፍራሙ ድምፅ አንገቱ ይቀላል።

«እንደ ስም ነው» አለን። «ከድጃ ብለህ ጠርተህ
ፊተኛዋን ፊደል ነፋስ ቢወስድብህ፣
ድጃ ብቻ ቢደርስ፣ ማን አቤት ይልሃል?»
ሳቅን።
ዘቢባ አልሳቀችም።

መላው ብዙ አልነበረም፦ ተጭና ትቆያለች
ማማው እስኪነቃ፤
ከዚያ ወፍራሙን ድምፅ ታስረዝመዋለች።
የሬድዮውን ቁጠባ ሙዘይን አጠፋው፣
ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ «ትርፍ ይገዛ» ብሎ ጻፈ፤
ደብዳቤው የትኛው መሳቢያ እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ከዚያ በየሰፈሩ በተነን። ሺበሺን ቦዬ ረግረግ፣
ሌላውን መርካቶ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
እኔን ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከአሮጌ አልጋዎች ጋር።
«ሰማህ?» «ሰማሁ።» «ሰማህ?» «ሰማሁ።»
እኔ ግን ምንም አልሰማሁ።
እዚያ ዛሬም አይሰማም። ግድግዳው ላይ በኖራ
«ተረኛ እዚህ አይቀመጥ» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

አሁን በየቀኑ ማታ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሲል፣
ዘቢባ ትሞክረናለች፦
ወፍራም፣
ቀጭን፤
በየወገቡ የታሰረው ሁሉ ባንዴ ያለቅሳል።
በተራችን እንመልሳለን። እኔ ጋ ስትደርስ
«አቤት» እላለሁ፣ ደንቡ «ደርሶኛል» ቢሆንም።
እሷም ለአፍታ ዝም ትላለች፣ መስመሩን ግን አትዘጋም።

ይቅርታ ልላት ቁልፉን ስንቴ ተጫንኩት።
ሙዘይን እንዳስተማረን፣ ማማው እስኪነቃ
ግማሽ ሰከንድ ልቆይ ብዬ ጠበቅኩት።
ይኸው ጥቅምት ገባ፣
ግማሽ ሰከንዷ አላለቀችም።