ሦስት ሴኮንድ

ክላይፔዳ ከተማ፣ የወደቡ ዳርቻ፣
ሁለት ሆስፒታሎች፣ አንድ ፊርማ ብቻ
አጋብቷቸው ነበር ባለፈው ሰኔ ላይ፤
ሰርጉ ወረቀት ነው፣ ደጋሹ ከበላይ።
አንዱ ቤት ዊንዶውስ፣ አንዱ ቤት ሊኑክስ፣
ሕጉ የየራሱ፣ የየራሱ ዋስ።
በር ጠባቂ ሰርቨር በሁለቱም ደጃፍ
ቆሟል ስም ሊጠይቅ፣ ቃል ሰምቶ ሊያሳልፍ።

«አንተ ያመንከውን እኔም አምነዋለሁ፣
ዋስ ለሆንክለት ሰው በሬን እከፍታለሁ።»
ይህ ነበር ውላቸው።
ኅዳር መግቢያው ላይ ግን ውሉ ተበጠሰ፤
ዶክተር ጊንታውታስ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ ስሙን ጽፎ ከበር ተመለሰ።

ስኪርማንቴ መጣች፣ ካፖርቷ እንደራሰ።

መጀመሪያ ስሞች። ስም የሚተረጉም
ሰርቨሩን ጠየቀች፤ አልተሳሳተም።
ቀጥላ ወደቦች፤ የመርከብ አይደሉም፣
ከእሳቱ ግንብ ላይ ቁጥር ናቸው ሁሉም፤
ሰማንያ ስምንት ክፍት፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝም ክፍት፣
የተዘጋ የለም፣ የለም አንድም መዝጊያ ፊት።
ቃሉን ለወጠችው፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ምሥጢር፣
ከአዲስ ፊደል ፈትላ፣ ረጅም እንደ ክር።
አሁንም እምቢ አለ።
«አላውቅህም» ይላል አንዱ ለሌላው፣
ድንበር ተገፋፍቶ እንደተካሰሰ የአንድ እናት ልጅ ሰው።
መዝገቡ ያፈሳል እንደ ክረምት ጣራ፣
አንድ መስመር የለው ምክንያት የሚያወራ።

አንድ ሰው ቀርቷታል ያልጠየቀችው።
ሪማንታስ። የማዶው ሰርቨር፣ በእጁ የተከለው።
ሁለቱ ቤት ሲጋባ ወንበሩ አንድ ነበር፤
እርሷ ተሾመች፣ እርሱ ቀረ ከበር።
ከዚያ ወዲህ ኢሜይል፣ ቢበዛ ሁለት መስመር፣
«ደኅና ዋይ» የሌለበት፣ ስሙም ሳይጻፍ ከሥር።

ስልኳን አየች። ያገሩ ቆጠራ ሦስት ሰዓት ይላል፤
ይህን የምጽፍበት ቋንቋ ግን ዘጠኝ ነው ይለዋል።
ሰዓት እንዲህ ነው፤ ተስማምተው ካልያዙት ሁሉም በራሱ ይምላል።

ደወለች።
ሦስቴ ሳይጠራ ድምፁ መጣ፤ አልተኛም።
ይቅርታ አልጠየቀች፣ እርሱም አልጠየቀም።
«ያንተኛው የእኔን አላምንም አለ» አለችው ደክማ፤
ዝም አለ። የቁልፎች ኮሽታ በስልኩ ተሰማ።
ከዚያ እንደ ዋዛ፣
«አንቺ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?»

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። አንድ ከተማ፣ በመካከል የዳኔ ወንዝ ብቻ።
«የግድግዳውን አይደለም። የሰርቨሩን። እስከ ሴኮንዱ።»
አነበበች። እርሱም የራሱን አነበበ።
ደግመው፣ አብረው፣ እንደ ተማሪ ጮክ ብለው።
አምስት ደቂቃ ከሦስት ሴኮንድ።

አምስት ነው የሕጉ ትዕግሥት።
ከዚያ ያለፈ ቃል ትናንት የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና
በሩ አይሰማውም፣ ባለቤቱ ቢጠራውም እንኳ።
ማንም አልዋሸም ነበር።
ሁለቱም እውነት ተናገሩ፣
በየራሳቸው አሁን።

«ሰዓት የሚጠይቀው ከአሮጌው ማሽን ነበር» አለ ሪማንታስ።
«ነሐሴ ላይ ማሽኑን አጠፋሁት።
ከእንግዲህ ማንን እንደሚጠይቅ ግን አልነገርኩትም።»
በቀን አራት ሴኮንድ።
ማንንም ሳያማክር በልቡ ሲቆጥር ከረመ፣
ከሰው ሁሉ ቀስ በቀስ እየራቀ፣
ልክ ነኝ እያለ።

«አንተም አልነገርከኝ።»
«አንቺም አልጠየቅሽ።»

ሁለቱንም ወደ አንድ ምንጭ አዞሯቸው፤
እርሷ አንድ ትእዛዝ ጻፈች፣ እርሱ አንድ።
ከፎቁ ላይ የጊንታውታስ ስም አለፈ፤
አንድ ታማሚ ወደ ቀዶ ክፍል ተገፋ፣
ይህ ሁሉ ስለ እርሱ መሆኑን ሳያውቅ።

ስልኩን ግን ማንም አልዘጋውም።
የማቀዝቀዣው ጩኸት በእርሷ በኩል፣ በእርሱ በኩል የወንበር ሲጥታ።
በመጨረሻ እርሱ፣ «ዝናቡ አባርቷል?» አለ።
«መስኮት የለኝም» አለች።
«ካፖርቴ ግን ገና ይንጠባጠባል።»